ጨካኝን በጭካኔ መቅጣት ፍትሕ ነው ወይስ ሌላ ወንጀል?

የአዳማ መወያያ › ሕግና ኑሮ

ባለሱቁ_ፍራንኮ · ዓርብ ማታ 2:40

ሰላም የአዳማ ሰዎች። ዛሬ ሱቄ ደጃፍ ላይ ከደንበኞቼ ጋር ስንጨቃጨቅ ዋልንና ነገሩ አልበርድ ሲለኝ እዚህ አመጣሁት። ዙሪያ ጥምጥም ስለማልወድ አቋሜን ቀድሜ ልናገር። አንዳንድ ወንጀለኛ በጭካኔ መቀጣት አለበት ባይ ነኝ። ቢገረፍ፣ ቢኮላሽ፣ በአደባባይ ቢሰቀል ግፍ አይባልም፤ የእጁን ነው ያገኘው።

በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ አገር ያነባላትን የባሕር ዳሯን የ7 ዓመት ሕፃን ረሳችኋት? ደፍሮ ለገደላት ሰው የተፈረደበት 25 ዓመት ነው። እናትየዋ ዕድሜ ልኳን ስትቀጣ እሱ 25 ዓመት። እኔም ዘንድሮ አንደኛ ክፍል የገባች ልጅ አለችኝ፤ ይህን ስጽፍ አጠገቤ የቤት ሥራዋን እየሠራች ነው። በሷ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ያደረሰ ሰው እኔ በከፈልኩት ግብር ቀለብ እየተሰፈረለት፣ ቴሌቪዥን እያየ፣ ኳስ እየተጫወተ ይኑር የሚለኝ ካለ ይምጣና ፊት ለፊት ይንገረኝ።

ማዳጋስካር እንደኛው ድሃ አገር ናት። በፈረንጆቹ 2024 ሕፃን የደፈረ ይኮላሽ ብላ ሕግ አወጣች። ተጮኸባት፣ አልሰማችም። እኛስ ምን አነሰን?

በሉ ተናገሩ። ስድብ ግን አልፈልግም።

ሚኪ_ባጃጅ · ዓርብ ማታ 2:52

አንጀቴን አራስከው! ስልክ ነጣቂውንም ጨምርልኝ። ባለፈው መናኸሪያው በር ላይ አንዱን ይዘው ልክ አስገብተውታል። ከዚያ ወዲህ አንድ ሳምንት ሙሉ ማንም ስልክ አልተነጠቀም። ፖሊስ ጣቢያ ቢወስዱት በማግስቱ ወጥቶ ሰላም ይልህ ነበር።

ቤዛ_ነርስ · ዓርብ ማታ 3:15

@ሚኪ_ባጃጅ ያን ቀን ለሥራ ልሳፈር እዚያው ቆሜ ነበር። ልጁ ቢበዛ 17 ቢሆነው ነው። አንድ እግሩ ጫማ የለውም። ሱሪው የታሰረበትን ቀበቶ ፈትተው በገዛ ቀበቶው ነው የገረፉት፤ በአንድ እጁ ፊቱን ሲከልል በአንድ እጁ ሱሪውን ይዞ። ኋላ አንዱ ፌሮ ይዞ መጣ። ሸንኮራ የሚሸጠው ሰውዬ ጋሪውን ትንሽ ወደ ኋላ ሳብ አደረገ፤ ሸንኮራው ላይ ደም እንዳይረጭበት ነው። ስልኳን የተነጠቀችው ልጅ "ተዉት፣ ተመልሶልኛል፣ በፈጠራችሁ ተዉት" እያለች ታለቅሳለች፣ የሚሰማት የለም። ከሁሉም አጥብቆ ይመታ የነበረው ምንም ያልጠፋበት፣ ከታክሲ ወርዶ የደረሰ ሰው ነው። ይሄ ነው ልክ ማስገባት?

ደግሞ ማንም አልተነጠቀም ያልከው ውሸት ነው። በማግስቱ እህቴ እዚያው በር ላይ ሳምሰንጓን አስረክባ መጥታለች።

ሚኪ_ባጃጅ · ዓርብ ማታ 3:18

እህትሽ በሯ ላይ ቆማ ቪዲዮ ኮል ታወራለቻ 😂 ይቅርታ፣ ቀልድ ነው።

ጠበቃ_ዘአዳማ · ዓርብ ማታ 3:50

ሁለቱን ነገር አትቀላቅሉ። መናኸሪያው በር ላይ የተደረገው ወንጀል ነው፣ ቅጣት ብሎ ነገር የለም። ልጁ ቢሞት ኖሮ ባለፌሮውም ባለቀበቶውም በሰው መግደል ይከሰሱ ነበር። ባለሱቁ ያነሳው ግን ፍርድ ቤት ስለሚወስነው ቅጣት ነውና በሱ ልሂድ።

ሕጋችን ለሕፃን ደፋሪ ለስላሳ ነው የሚባለው ሲነበብ ሌላ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 627 ከ13 ዓመት በታች ያለችን ልጅ የደፈረ ከ15 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል ይላል፤ ከባድ ጉዳት ወይም ሞት ካስከተለ ዕድሜ ልክ። ከባድ የሰው ግድያ ደግሞ በ539 ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ያስፈርዳል። ሞት በሕጋችን አለ ማለት ነው። የሌለው ማሠቃየቱ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 18 ላይ ጭካኔ የተሞላበት፣ ኢሰብዓዊ፣ ክብርን የሚያዋርድ ቅጣትን ይከለክላል። የወንጀል ሕጉ 117 ሞት በአደባባይ በስቅላት አይፈጸምም፣ ርእሰ ብሔሩም ሳያጸድቀው አይፈጸምም ይላል። ከ1983 ወዲህ ተፈጽመው አገር ሁሉ የሰማቸው የጄኔራል ኃየሎም አርአያ ገዳይ በ1990፣ የአቶ ክንፈ ገብረመድኅን ገዳይ በ1999 ናቸው። ሟቾቹ ሁለቱም ባለሥልጣናት መሆናቸውን ልብ በሉልኝ። ለድሃ ልጅ ደም የተረሸነ ሰው የምታውቁ አላችሁ?

ግርፋትም ነበረን። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በከባድ ስርቆትና በውንብድና የተፈረደበት ይገረፍ ነበር። ሌባ ጠፋ እንዴ ያኔ?

አሁን ለባለሱቁ አንድ ነገር ልጠይቅ። መድፈርም በስቅላት፣ መግደልም በስቅላት የሚያስቀጣ ከሆነ፣ ልጅቷን አንዴ የያዘ ሰው ምን ያደርጋል? ብትኖር ትመሰክርበታለች። ብትሞት ቅጣቱ ያው ነው። ያንተ ሕግ እሷን ለማትረፍ ምንም ምክንያት አይተውለትም።

በእጄ ካለፉት የመድፈር መዝገቦች የብዙዎቹ ችግር የቅጣት ማነስ አልነበረም። ልጅቷን አጥበው፣ ልብሷንም አጥበው አስጥተው ነው ሐኪም ቤት የሚያመጧት። ወይ ደግሞ ምስክር በቀጠሮ ብዛት ይሰለቻል። ወይ ቤተሰብ በሽማግሌ ይስማማና ክሱ ሜዳ ላይ ይቀራል። ቤካሪያ የሚባለው ጣሊያናዊ በ1764 የጻፈው ይህንኑ ነው፤ የማይቀር ትንሽ ቅጣት ይመጣል አይመጣም ከሚባል ትልቅ ቅጣት ይበልጥ ያስፈራል።

ባለሱቁ_ፍራንኮ · ዓርብ ማታ 4:20

@ጠበቃ_ዘአዳማ አንቀጽ ደረደርክልኝ፣ አመሰግናለሁ። ግን አንተው ራስህን አጠላለፍክ። ወንጀለኛ ቅጣት አስልቶ ነው የሚሠራው ካልክ ከባድ ቅጣት ያስፈራዋል ማለት ነው። አያሰላም ካልክ ደግሞ "ልጅቷን ለማትረፍ ምክንያት አይተውለትም" ያልከው ፈረሰ። አንዱን ምረጥ።

ደግሞም እኔ ስለማስፈራራት መች አወራሁ? አንድም ሌባ፣ አንድም ደፋሪ ባይፈራ እንኳ ይገባዋል ነው የምለው። አበቃ።

ጠበቃ_ዘአዳማ · ዓርብ ማታ 4:31

ሲጀምር አያሰላም፤ ከጨረሰ በኋላ ግን እንዴት እንደሚያመልጥ ያሰላል። በመዝገብ ያየሁት ነው። "ይገባዋል" ላይ ግን ልክ ነህ፣ እሱን አንቀጽ አይመልሰውም።

አስቱ_4ኛ_ዓመት · ዓርብ ማታ 5:05

ነገ ፈተና አለኝ፣ ግን ማለፍ አልቻልኩም። "ይገባዋል" እና "እኛ እናድርግበት" አንድ አይደሉም። ይገባዋል ልበልህ፤ የዚያች ሕፃን ገዳይ የሷን ስቃይ ቢቀምስ አላዝንለትም። ግን ለደፋሪ የሚገባው መደፈር ነው የሚል ሰው ቢመጣ መንግሥት ደሞዝ ከፍሎ ደፋሪ ይቅጠር ትላለህ? አትልም። ከዚያ ላይ የሚያስቆምህ ምንድነው? ለሱ ማዘንህ አይደለም። እኛ ያንን መሆን ስለማንፈልግ ነው። ታዲያ መግረፉና ማኮላሸቱ ጋ ስንደርስ ያ የሚያስቆምህ ነገር የት ይሄድብሃል?

ካንት የሚባለው ጀርመናዊ ገዳይ ይሙት ከሚሉት ሁሉ ግትሩ ነው፤ ለሱ ይቅርታ ብሎ ነገር የለም። እሱ እንኳ በ1797 ሲጽፍ ሟቹ ከማንኛውም ማሠቃየት ነፃ ሆኖ ይሙት ነው ያለው።

ሚኪ_ባጃጅ · ዓርብ ማታ 5:09

ቼልሲ የነበረው ኳስ ተጫዋች ካንቴ መስሎኝ ግማሽ ድረስ በደንብ አነበብኩት።

አቡ_ሱመያ · ቅዳሜ ጠዋት 1:30

አሰላሙ ዐለይኩም፣ እንደምን አደራችሁ። ሱብሒ ሰግጄ ነው ያነበብኩት። ባለሱቁ አላነሳህም እንጂ ይህ ወሬ በተነሳ ቁጥር "እነ ሳዑዲን እዩ፣ እጅ ቆርጠው ሌባ አጠፉ" የሚል አይጠፋም፤ ሳይመጣ ልቅደመው።

እኔ የአላህን ሕግ ጭካኔ ነው አልልም፤ ጠበቃውና ተማሪው እዚህ ላይ ከኔ ጋር አይስማሙም፣ እናውቃለን። ግን ሕጉን የሚጠሩት ሰዎች ግማሹን ትተው ነው የሚጠሩት። ለስርቆት እጅ እንዲቆረጥ የተሰረቀው ከተወሰነ ዋጋ በላይ መሆን አለበት፣ ከተጠበቀ ቦታ መሰረቅ አለበት፣ ርቦት የሰረቀ አይቆረጥም። ኸሊፋው ዑመር (ረዲየላሁ ዐንሁ) በድርቁ ዓመት እጅ መቁረጥን አቁመዋል። ዝሙት ላይ አራት የዓይን ምስክር ነው። ነፍስ በማጥፋት ላይ ደግሞ ውሳኔው የሟች ቤተሰብ እጅ ይገባል፤ ይገደል ማለት ይችላሉ፣ ደም ካሳ መቀበል ይችላሉ፣ ይቅር ማለትም ይችላሉ፤ ይቅር ማለቱ ይበልጣል። ባለሱቁ የምትፈልገው ስቅላቱን ብቻ ነው። ይቅርታ ለሟች እናት መሰጠቱን ግን አላነሳኸውም።

መናኸሪያው በር ላይ የተደረገውን በሃይማኖት ስም የሚያቀርብልኝ ካለ አላህን ይፍራ።

የድሮ_ናዝሬት · ቅዳሜ ጠዋት 3:10

ልጆች፣ እኔ ይህን ከተማ ናዝሬት ሲባል ነው የማውቀው። ጣቶቼ ቀርፋፋ ናቸው፣ ታገሡኝ።

አባቴ ሌባ ሻይ ሲደረግ አይተዋል። ዕቃ ሲጠፋ አንድ ብላቴና መድኃኒት ያጠጡና ወገቡን በገመድ ይዘው ይለቁታል፤ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው። ቁራኛም ነበር፤ ባለዕዳና አበዳሪ በአንድ ሰንሰለት ታስረው አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይተኛሉ። ፍትሐ ነገሥቱም የሌባ እጅ ያስቆርጣል። አያቶቻችን በቅጣት አልሰነፉም፣ ይሄ ከፈረንጅ የመጣ ለስላሳነት ነው የምትሉ ካላችሁ እንግዲህ ይኸው። አባቴ ስለ ሌባ ሻይ ሲያወሩ ግን ሳቃቸው ይመጣ ነበር፤ ብላቴናውን የሚመራው ሰውዬ ገመዱን ወደ ጠላቱ ቤት ሳብ ያደርገዋል ይሉ ነበር።

ወደ ራሴ ዘመን ልምጣ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ደርግ ስልሳ የሚሆኑ ባለሥልጣናት ያለ ፍርድ ሲረሽን ሰው "ይገባቸዋል" አለ። የወሎ ረሃብ ገና ከዓይናችን አልጠፋምና የሚቃወም ብዙ አልነበረም። ሦስት ዓመት ሳይሞላ እኛ፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች፣ ጠዋት ትምህርት ቤት ስንሄድ መንገድ ዳር ሬሳ እንዘላለን፤ ደረቱ ላይ በካርቶን "ቀይ ሽብር ይፋፋም" ተጽፎ ተለጥፎበታል። ከኔ ክፍል ልጅ ነበረበት። እናቱ መጥታ አየችው፣ ጥቁር መልበስ ግን አልቻለችም፤ ማልቀስ ተከልክሏል። ቀበሌ ተሰብስበን ስናጨበጭብ እሷም መሃላችን ተቀምጣለች። ያኔም የሚሉት ፍትሕ ነው።

ገዳዮቹ ኋላ ችሎት ቆሙ። መንግሥቱ ኃይለማርያም በሌለበት በ2000 ሞት ተፈረደበት፤ እሱ ሐራሬ ነው። እዚህ ያሉት የሞት ፍርደኞች በ2003 የሃይማኖት አባቶች ለምነውላቸው ወደ ዕድሜ ልክ ተቀየረላቸው። ወንድሟን ያጣች ጎረቤቴ ያን ቀን በሬዲዮ ሰምታ ቡናዋን ሳትጠጣ ገባች። አልፈርድባትም። እኔ ግን ክሱ ሲነበብ፣ ስም በስም፣ ቀበሌ በቀበሌ ሲጠራ ስሰማ ነው ትንሽ የተነፈስኩት። በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ሲሉ የሰማነው ለዚህ መሰለኝ።

ሮቤል_ዘመናዊ · ቅዳሜ ጠዋት 4:02

ጋሼ ታሪኩ ልብ ይነካል፣ ያ ግን ደርግ ነው። አሁን ኤልሳልቫዶርን እዩ። ፕሬዚዳንታቸው ቡኬሌ ወንበዴውን ሁሉ ራሱን ተላጭቶ በቁምጣ አንበርክኮ አስቀመጠው፣ አገሩ ሰላም ሆነ። ሰው በሌሊት ይሄዳል። እኛ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ከፖስታ ቤት ቤታችን ለመግባት እንፈራለን። ስለ ካንት ታወራላችሁ።

አስቱ_4ኛ_ዓመት · ቅዳሜ ጠዋት 4:40

@ሮቤል_ዘመናዊ ቁጥሩን ሙሉውን እንየው። በፈረንጆቹ 2015 ከ100 ሺህ ሰው ከ100 በላይ ይገደል ነበር፤ አሁን ከ2 በታች ነው ይላል መንግሥቱ። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ ሕዝቡም ቡኬሌን በሰፊ ድምፅ መርጦታል። ግን የጅምላ እስሩ የተጀመረው መጋቢት 2022 ነው፤ ግድያው ከዚያ በፊት ለዓመታት ሲወርድ ነበር። 40 ሺህ ሰው ይይዛል የተባለው እስር ቤት የተከፈተው 2023 ላይ ነው። ራሱ ቡኬሌም በ2024 መጨረሻ 8 ሺህ ንጹሕ ሰው ለቅቀናል ብሏል። 8 ሺህ ሰው ራሱን ተላጭቶ፣ ተንበርክኮ፣ ጥፋቱ መነቀሱ ወይ ጎረቤት መጠቆሙ ነው።

በጥቆማ ቢሆን አዳማ ላይ መጀመሪያ የሚታፈሰው ማን ይመስልሃል? የኔና ያንተ ዕድሜ ነው።

ሮቤል_ዘመናዊ · ቅዳሜ ጠዋት 4:44

የቀሩት ከ70 ሺህ በላይ ግን ወንበዴ ናቸው ማለት ነዋ።

አስቱ_4ኛ_ዓመት · ቅዳሜ ጠዋት 4:47

ፍርድ ሳይሰጥ ይህን በምን አወቅህ?

አወያይ · ቅዳሜ 5:30

የመናኸሪያውን ልጅ የተደበደበ ፎቶ የለጠፈውን ሰው አስተያየት አጥፍቻለሁ። ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ ፊት እዚህ አይለጠፍም። የጎሳ ስም ጠርቶ "እነሱ ናቸው የሚሰርቁት" ያለውም ተባርሯል። ቀጥሉ።

ሃምሳ_አለቃ_ጡረታ · ቅዳሜ ከሰዓት 9:15

ኔትወርክ ጠፍቶ ነው፣ አሁን ነው ሙሉውን ያነበብኩት።

ዕድሜዬን የፈጀሁት በማረሚያ ቤት ጥበቃ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ይቆየን። ባለሱቁ፣ ቴሌቪዥን እያየ ኳስ ይጫወታል ያልከው እውነት አለው፤ ቴሌቪዥን አለ፣ ሜዳም አለ። ሌሊቱን ግን አላየኸውም። እኔ በነበርኩበት ቤት እስረኛ በጎኑ ነው የሚተኛው፤ በጀርባ ለመተኛት ቦታ የለም። አንዱ መገላበጥ ሲፈልግ "ዙር!" ይላል፣ ረድፉ ሁሉ አብሮ ይዞራል። አዲስ ገቢ ሽንት ቤቱ በር ላይ ይጀምራል። ሕፃን ደፍሮ የገባ ሰው ደግሞ ካቦውም፣ ሌባውም፣ ነፍሰ ገዳዩም ያውቀዋል፤ ከሱ ጋር በአንድ ትሪ የሚበላ አይገኝም። ይሄን የምነግርህ እንድታዝንለት አይደለም። ሆቴል አይደለም ለማለት ነው።

ዋናው ነገሬ ሌላ ነው። ይገረፍ፣ ይኮላሽ፣ ይሰቀል ስትሉ አንድ ሰው ጠፍቶባችኋል፤ እጁን የሚያነሳው ሰው። በወጣትነቴ አብሮኝ የሠለጠነ ጓደኛ ነበረኝ፤ በዚያ ሥርዓት ምርመራ ክፍል ተመደበ። ወፌ ላላ የሚባለውን አረጋውያኑ ታውቁታላችሁ፤ ሰውን ጉልበቱ ሥር በዱላ አንጠልጥሎ ውስጥ እግሩን መግረፍ ነው። ሲጀምር ሁለት ቀን እህል አልበላም፣ ያስመልሰው ነበር። አለቃው "ይለመዳል" አለው፤ ለመደው። እየቆየ ሰው ሲጮህ ሻይ መጠጣት ቻለ። ቤቱ ገብቶ ልጁ ብርጭቆ ስትሰብር በምን እንደመታት እኔ ነኝ የማውቀው፤ ሐኪም ቤት ያደረስኳት እኔ ነኝ። ያ ሰው ሲጀምር ከማንኛችንም የባሰ አልነበረም። ለአገር የሚጠቅም ሥራ ነው ተብሎ ነበር።

ስለዚህ ባለሱቁን ልጠይቅህ። ገመዱን ማን ይሳብልህ? የ22 ዓመት ልጅ ከገጠር ቀጥረን?

ባለሱቁ_ፍራንኮ · ቅዳሜ ከሰዓት 9:40

ሃምሳ አለቃ፣ ለእርስዎ ክብር አለኝ። ግን ሰው ይጠፋል ብለው እንዳይሰጉ። እኔ እስባለሁ። የዚያችን ሕፃን ገዳይ ዛሬ ቢያመጡልኝ እስባለሁ፣ ማታም እንቅልፌን እተኛለሁ።

ሃምሳ_አለቃ_ጡረታ · ቅዳሜ ከሰዓት 9:58

የሱን ትስባለህ፣ አምንሃለሁ፤ ታሪኩን ታውቀዋለህ። ሥራ ከሆነ ግን በሚቀጥለው ወር ሌላ ያመጡልሃል። የሱን መዝገብ አንተ አታነብም። "ተፈርዶበታል" ይሉሃል፣ ትስባለህ። እንዴት አመነ ብለህ አትጠይቅም። እኔ እንዴት እንደሚታመን አውቃለሁ፤ የሚገርፈው ክፍል ከፍርድ ቤቱ በፊት ነው ያለው። ቅጣት ላይ ግርፋት ይሁን ያለ አገር ምርመራ ላይ አይሁን ቢል ማን ይሰማዋል?

ሚኪ_ባጃጅ · ቅዳሜ ከሰዓት 10:05

ይሄኛው ከበደኝ።

እማ_ጸ · ቅዳሜ ማታ 1:20

ልጆቼ፣ ስሜን ተዉት። ይህን የምትጽፍልኝ የእህቴ ልጅ ናት፣ እኔ እየነገርኳት።

የመጀመሪያ ልጄን በጩቤ የገደለው የሰፈራችን ልጅ ነው። አብረው ነው ያደጉት፤ እኔ ቤት ስንት ቀን በልቷል። 18 ዓመት ተፈረደበት። ፍርዱ ሲነበብ "ሞት! ሞት ነው የሚገባው!" ብዬ ጮኼ ፖሊስ ደግፎ ከችሎት አወጣኝ። ቢሰቀል ደስ ይለኝ ነበር ወይ ካላችሁኝ አዎ፣ ደስ ይለኝ ነበር። ምን አስዋሸኝ። ባለሱቁ ልጄ፣ ያልከውን ሁሉ እኔ ከአንተ በፊት ብዬዋለሁ፤ ከዚያ የባሰም ብያለሁ።

አሁን ቅጣቱ እየተገባደደ ነው መሰል ሽማግሌ ይመላለስብኛል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይመጣሉ። ቡና ስቀዳ አይነኩትም፤ እሺ ካላልሽን አንጠጣም ነው። የሱ እናት አትገባም፣ አጥሩ ጋ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትቆማለች። ወረቀቱን ጽፈው ነው የሚያመጡት፣ "ታርቄያለሁ፣ ይቅር ብያለሁ" የሚል፤ የጎደለው የኔ ፊርማ ብቻ ነው። የልጄን ስም አሳስተው ጽፈውታል።

እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ያን ሌሊት ምን ተባባሉ? በምን ተጣሉ? ልጄ ወዲያው ነው የሞተው ወይስ ቆየ? ጠርቶኛል? ችሎት ላይ "ሰክሬ ነበር፣ አላስታውስም" አለ፣ ዳኛውም አልፈው ሄዱ። ከሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ቢሰቀል ኖሮ ይዞት ይሄድ ነበር። ዐሥራ ስምንት ዓመት ሲታሰርም ማንም አልጠየቀልኝም። እናንተ ይገረፍ፣ አይገረፍ ትላላችሁ፤ ለኔ ሁለታችሁም ስለሱ ነው የምታወሩት።

ባለሱቁ_ፍራንኮ · ቅዳሜ ማታ 1:45

እናቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ምን እንደምል አላውቅም። አይፈርሙላቸው።

ቤዛ_ነርስ · ቅዳሜ ማታ 1:50

እትዬ፣ ልጅዎ ያን ሌሊት ሐኪም ቤት ደርሶ ከሆነ ካርዱ ላይ ስንት ሰዓት እንደገባና በምን ሁኔታ እንደነበረ ተጽፎ ይሆናል። የአስከሬን ምርመራም ተደርጎ ከሆነ ውጤቱ መዝገቡ ውስጥ አለ። ቢያንስ ቆየ ወይስ አልቆየም የሚለውን ሐኪም አንብቦ ሊያስረዳዎት ይችላል። ሰምቶ ለመቻል ግን ሰው ይዘው ይሂዱ።

የአርሲው · ቅዳሜ ማታ 2:10

በእኛ በኩል ጉማ የሚባለው የደም ዕርቅ ሲፈጸም መጀመሪያ ገዳዩ "አድርጌያለሁ" ብሎ ማመን አለበት። የካሳው ጉዳይ ከዚያ በኋላ ነው። ካሳውም የሱ ብቻ አይደለም፣ ጎሳው ያዋጣል፤ ስለዚህ ዘመድ ሁሉ "ምን ሆኖ ነው?" ብሎ ይጠይቀዋል። ወረቀት ጽፎ ፊርማ መለመን ጉማም አይደለም፣ ዕርቅም አይደለም። ሽማግሌዎቹ የኛ ሰዎች ከሆኑ አፍረንባቸዋል።

ጉማ ግን ነቀፋ የለበትም እንዳይባል፤ ሴት ልጅ የተደፈረች ጊዜ አባቷ ካሳ ተቀብሎ እሷ ሳትጠየቅ የሚያልቅ ብዙ አይቻለሁ። ጠበቃው ያለው እውነት ነው።

ባለሱቁ_ፍራንኮ · ቅዳሜ ማታ 2:30

አቋሜ ያው ነው፤ ለሕፃን ገዳይ ስቅላት። ሃምሳ አለቃ ስለ ምርመራው ክፍል ያሉትን ግን መመለስ አልቻልኩም። እሱ ላይ መልስ ያለው ከኔ ወገን ካለ ይምጣልኝ።

ሮቤል_ዘመናዊ · ቅዳሜ ማታ 2:36

ካሜራ ይገጠም። ምርመራው ይቀረጽ። ቀላል ነው።

ሃምሳ_አለቃ_ጡረታ · ቅዳሜ ማታ 2:41

ካሜራውን የሚያጠፋውም የሚያበራውም አንድ ሰው ነው ልጄ።

ጠበቃ_ዘአዳማ · ቅዳሜ ማታ 3:05

እማማ፣ ባለሱቁ አይፈርሙ ብሎዎታል፣ ሽማግሌዎቹ ይፈርሙ ይላሉ። መፈረምም አለመፈረምም የእርስዎ ነው፤ ማንም ሊያስገድድዎት አይችልም። የሚመላለሱበትን ምክንያት ላስረዳዎት። 18 ዓመት የተፈረደበት ሰው ሁለት ሦስተኛውን፣ ማለትም 12 ዓመቱን ሲጨርስ በአመክሮ እንዲፈታ ሊጠየቅለት ይችላል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 202 ጠባዩ መታረሙንና ያደረሰውን ጉዳት በተቻለው መጠን መካሱን ይጠይቃል። ለመንግሥት የሚቀርብ የይቅርታ ጥያቄ ከሆነ ደግሞ ከተበዳይ ቤተሰብ ጋር ታርቋል ወይ የሚለው ይታያል። ስለዚህ ያቺ ወረቀት ለነሱ ትልቅ ነገር ናት። ለእርስዎም ትሁንልዎት።

ሽማግሌዎቹን እንዲህ ይበሏቸው፦ "ከወረቀቱ በፊት የሚመልስልኝ ጥያቄ አለኝ።" ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ያጽፏቸው። እነሱ ማረሚያ ቤት ይግቡና ይጠይቁት፤ ወይም እርስዎ የሚቋቋሙት ከሆነ እሱ ባለበት ይገናኙ። ይመልሳል ብዬ ቃል አልገባም። ቢመልስም የሚሰሙትን ይወዱታል አልልም። ግን እስከ ዛሬ ይህን እንዲናገር የጠየቀው ሰው ስለሌለ ነው ዝም ያለው፤ አሁን የሚፈልገው ነገር እርስዎ እጅ ላይ አለ።

እማ_ጸ · ቅዳሜ ማታ 3:30

ከመለሰ መፈረም አለብኝ ማለት ነው?

ጠበቃ_ዘአዳማ · ቅዳሜ ማታ 3:34

የለብዎትም። ሰምተው ከዚያ ይወስናሉ። ይህንንም አስቀድመው ይንገሯቸው፣ ኋላ ቃል ገብታ ከዳች እንዳይሉዎት። ሰኞ ጠዋት ፍርድ ቤቱ በር ላይ ካሉት ማመልከቻ ጸሐፊዎች ዘንድ አይሂዱ፣ በከንቱ ብር ያወጣሉ፤ እኔ በነፃ እጽፍልዎታለሁ። የመዝገብ ቁጥሩና የልጅዎ ስም በትክክል የተጻፈበት አንድ ወረቀት ይዘው ይምጡ። ስልኬን ለእህትዎ ልጅ በውስጥ መስመር ልኬላታለሁ።